ክረምቱን ቤት ሆነን ለመስከረም እንዘጋጅ

ይህ የዓመቱ የመጨረሻ እትማችን ስለሆነ ስለ ክረምት አጭር ትምህርት ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። መልካም ንባብ!

በአገራችን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። እኛ ተማሪዎች ግን ክረምት የምንለው ትምህርት የሚዘጋበትን ጊዜ ነው። ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜ 5 ሲደመር 65 ቀን ይሆናል። ሲጀመር ረጅም ይመስላል፤ ሳናቅድ ካለፈ ግን መስከረም ላይ ባዶ እጃችንን እንገኛለን።

መጀመሪያ የአካባቢያችንን ዝናብ እንወቅ። ክረምት ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ እንደሚወርድ ነው። ይሄ ለአዲስ አበባና ለጎጃም ልክ ነው። አርባ ምንጭ ግን ብዙ ዝናብ የምታገኘው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ይመለሳል። ምክንያቱም ዝናብ የሚያመጣው የደመና መቀነት ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜን ሲሄድም ሲመለስም በእኛ በኩል ያልፋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ወደ ሰሜን ርቆ ነው ያለው። ስለዚህ ከተማችን ደመናና ቀዝቃዛ ነፋስ ቢኖራትም ዝናቧ ያን ያህል አይደለም።

ወደ ላይ ስንወጣ ይለያል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ስትሆን ጨንቻ ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። እዚያ ጉሙና ብርዱ ከቤት አያስወጣም። ጨንቻ ያለችው አያቴ ክረምቱን እሳት ዳር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ ፈትሉን ለሸማኔ ሸጣ የመስቀል ቅቤ ትገዛበታለች። እሷ ቤት የተቀመጠችው ሥራ ፈትታ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በጋሞ ትልቁ በዓል መስቀል ነው፤ ዮ ማስቃላ እንላለን። አዲስ አበባ ሄደው የሚሸምኑ ዘመዶቻችን ሳይቀሩ ለበዓሉ ይመጣሉ። ቤት ውስጥ ቅርጫ አለ፣ ቅቤ አለ፣ አዲስ ልብስ አለ። በዚያው በመስከረም ደግሞ ደብተር፣ እስክርቢቶና ዩኒፎርም ይፈለጋል። የወላጆቻችን ብር አንድ ነው፣ ወጪው ግን ሁለት። በዚህ ምክንያት ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ዘግይተው የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ጭራሽ የሚቀሩም አሉ። ይሄን የምለው በዓሉ ይቅር ብዬ አይደለም። ሁለቱም እንዲሆኑልን ከአሁኑ እንሥራ ለማለት ነው። እንዴት?

1ኛ. ጎመን መዝራት። በጓሯችን አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ መደብ ቆፍረን ከፍግ ጋር እንደባልቅ። በሐምሌ መጀመሪያ ከዘራን ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ቅጠሉን መቅጠፍ እንጀምራለን። በነሐሴ መጨረሻ የዘራ ግን ለመስከረም አይደርስለትም። አርባ ምንጭ ያለን ዝናቡን ሳንጠብቅ ጠዋትና ማታ ውሃ እናጠጣ። ደጋ ያላችሁ ደግሞ ውሃ እንዳይተኛበት ዳር ዳሩን ቦይ ቅደዱለት።

2ኛ. መቆጠብ። በቀን 5 ብር ያስቀመጠ በ65 ቀን 325 ብር ይኖረዋል። 5 ብር ያላገኘ 2 ብር ያስቀምጥ፤ 130 ብር ይሆንለታል። ከጎመኑ የተገኘውም እዚያው ይግባ። የደብተሩን ብር ለብቻው አድርገን ከበዓሉ በፊት እንድንገዛ ወላጆቻችንን ከአሁኑ እንንገራቸው።

3ኛ. ማንበብ። እኛ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በሚቀጥለው ዓመት የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይጠብቀናል። በቀን አንድ ሰዓት ብናነብ 65 ሰዓት ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ስለሆነ ሲካፈል ከ97 ክፍለ ጊዜ በላይ ይሆናል! ዘንድሮ 8ኛን የጨረሱ ልጆች ደብተራቸውን ሳይጥሉት ዛሬውኑ ብንጠይቃቸው ጥሩ ነው።

በመስከረሙ እትም የማን ጎመን እንደደረሰ፣ ማን ስንት እንደቆጠበ እንጽፋለን። የተሳካላችሁም ያልተሳካላችሁም ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ንገሩን።

መልካም ክረምት! ለዮ ማስቃላ ደብተራችንን ገዝተን ያድርሰን።

ከ7ኛ ለ ክፍል