ድንኳን ሳይተከል እንገናኝ

አብረው የተማሩ ሰዎች ስልሳን ሲሻገሩ መተያያቸው ለቅሶ ቤት ይሆናል። አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ ንፍሮ እየቆረጠሙ፣ «ኧረ እንጠያየቅ!» ይባባላሉ። ስልክ ይለዋወጣሉ። ከዚያ ሌላ ድንኳን እስኪተከል ድረስ ዝምታ ነው። ይህ ልማድ ሊሰበር ይችላል፤ ያውም ደስ በሚል መንገድ። የባችዎ ልጆች «በመጪው ዓመት እንሰባሰብ» ብለው ቀን ቆርጠው ከሆነ፣ ትልቁ በረከት ያለው ከዚያ ቀን በፊት ባሉት ወራት ውስጥ ነው።

የአለማያን ልጆች ላንሳ። በ1945 ዓ.ም. ጅማ ላይ ተጀምሮ ኋላ ወደ ሐረርጌ፣ አለማያ (የዛሬዋ ሐረማያ) የተዛወረው፣ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ የተደራጀው የእርሻ ኮሌጅ በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ያኔ ግቢው ውስጥ የነበሩት ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፣ ወይም ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ከአዲስ አበባ በባቡር ድሬዳዋ ገብተው፣ የደንገጎን ዳገት እየተጠማዘዙ ወጥተው፣ ከበረሃው ሙቀት ድንገት ደጋው አየር ላይ የደረሱበትን ቀን የሚረሳ ያለ አይመስለኝም። ሲመረቁ ምደባው በተናቸው። አንዱ ሆለታ ወይም መልካሳ ምርምር ጣቢያ፣ አንዱ አዋሽ ሸለቆ የመንግሥት እርሻ፣ አንዱ መብራት የሌለው ወረዳ ደረሰው። ለትምህርት ወጥቶ በዚያው የቀረም አለ።

ከእነሱ ቀደም ብለው ከዚያው ግቢ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ፣ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም በሚቋቋም የማሽላ ዝርያ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። የእሳቸውን ሥራ ዓለም ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከገበሬው ማሳ ያልተለየውን የወረዳ ባለሙያ ድካም ግን ማን ያውቅለታል? ቤተሰቡ ይወደው ይሆናል እንጂ አቀንጭራ የወረረው ማሳ ምን እንደሚመስል አያውቅም። የክፍል ጓደኛው ያውቃል። ሳያስረዱት የሚገባው ሰው ማግኘት፣ በተለይ ሥራ ካቆሙ በኋላ፣ ዋጋው ትልቅ ነው።

«ይህን ሁሉ ዘመን ጠፍቼ፣ አሁን ምን ብዬ ልደውል?» ይላሉ። ሐፍረቱ ይገባኛል፤ ግን አይመኑት። የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲዋ ፔጊ ሊዩና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረጉት፣ ከ5,900 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አንድ ደስ የሚል ነገር አሳይቷል። ሰላምታ የሚልክ ሰው ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚደሰት አሳንሶ ይገምታል፤ ሰላምታው ያልታሰበ ሲሆን ደግሞ ደስታው ይጨምራል። እንግዲህ የሚያፍሩበት የዓመታት ርዝመት ለጓደኛዎ ደስታ ምክንያት ሊሆን ነው ማለት ነው! አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎችም የድሮ ጓደኛን በስልክ ማነጋገር ኢሜይል ከመጻፍ ይበልጥ ያሳፍራል ብለው የሰጉ ሰዎች ሲደውሉ ከኢሜይሉ ይበልጥ እንዳላፈሩ፣ ይልቁንም በድምፅ የተነጋገሩት የበለጠ መቀራረብ እንደተሰማቸው አግኝተዋል። የቴሌግራም ግሩፑ የጠዋት ሰላምታ ደግ ነገር ነው፤ ማን ቀዶ ጥገና እንዳደረገ፣ የማን ልጅ እንደተዳረች የሚሰማው ግን በድምፅ ነው።

ደግሞ ወሬ አይጠፋም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ጨርሶ ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። ይህን ያልሰማ የአለማያ ልጅ ካለ፣ ለመደወል ከዚህ የተሻለ የምሥራች ከየት ይመጣል? ከዚያ «የመጀመሪያ ምደባህ የት ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ሰዓቱ ሳይታወቅዎት ያልፋል።

የጠፉትን ማፈላለግ ትዕግሥት ይጠይቃል። የመጨረሻ መሥሪያ ቤታቸውን ባልደረቦች፣ የሰፈራቸውን ዕድር ይጠይቁ። ሴቶቹን በተለይ ይፈልጉ፤ በቁጥር ጥቂት ስለነበሩ አንዷ ስትቀር ጉድለቱ ይታያል።

ስለ መዋጮ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። የጡረታ አበል ከገበያው ጋር እኩል አይራመድም። የመዋጮው መጠን ግሩፑ ላይ ሲለጠፍ ድምፁን አጥፍቶ የሚወጣ ጓደኛ አለ፤ ጠልቶ አይደለም፣ ተቸግሮ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከመጠራቱ በፊት «በገንዘብ የሚቀር የለም» ይባል። አቅም ያለው ተጨማሪ ያዋጣ፤ ለማን እንደተከፈለ ገንዘብ ያዡ ብቻ ይወቀው። እንዲህ ያለ ጨዋነት ያለው ባች ማንንም አያጣም።

በሕመም የሚቀሩም ይኖራሉ። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጓደኛ ይመደብላቸው፤ ከአሁኑ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይጠይቃቸው፣ የድሮ ፎቶም ካላቸው ይቀበላቸው። ያረፉት ጓደኞች ቤትም ይደወል። ልጆቻቸው አባታቸውን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከሚያውቀው ሰው አፍ ታሪኩን ለመስማት የሚጓጉትን ያህል ማንም አይጓጓም። ይምጡ፣ አብረው ይቀመጡ።

ለመጀመር ስልክዎ ውስጥ ስሙ ያለ፣ ግን ከደወሉለት የቆየ አንድ ሰው ይበቃል። ልጆችዎ «ጋሼ» ወይም «እትዬ»፣ ጎረቤትዎ «ኢንጂነር» ወይም «ዶክተር» በሚልዎት ዕድሜ፣ በዶርም ቅጽል ስምዎ ጠርቶ በሳቅ ይቀበልዎታል። አሜሪካ ላሉት ቅዳሜ ማታ ይደውሉ፤ እኛ ዘንድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ቡናቸውን ጠጥተው፣ ለጨዋታ ተመቻችተው ያገኟቸዋል።