መጽሐፍሽ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት

ልጄ፣ ትዝታሽን በመጽሐፍ ልታወጪ እንደሆነ ሰማሁ። ጀማሪ ደራሲ አብዝቶ የሚፈራው ሥራዬን ይሰርቁኛል ብሎ ነው። በአርትዖት ያረጀሁትን እኔን የሚያሳስበኝ ግን በታሪክሽ ውስጥ ያለው የሌላ ሰው ንብረትና ክብር ነው።

1. የስርቆቱን ነገር በአጭሩ ልጨርሰው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራሽን ጽፈሽ ካኖርሽበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቀዋል፤ በሕይወት እስካለሽ፣ ከዚያም 50 ዓመት። ማስመዝገብ ለማስረጃ ይረዳሻል እንጂ መብቱን የሚሰጥሽ እሱ አይደለም። ባዶ ሐሳብ ግን ጥበቃ የለውም፤ ስለዚህ ያልጻፍሽውን ታሪክ በየቡና ቤቱ አትዘርግፊው።

2. አሁን ወደ ዋናው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2044 በሕይወት ያለን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም መሳቂያ እንዲሆን አድርጎ ስሙን አደጋ ላይ መጣልን ስም ማጥፋት ይለዋል። «ልጎዳው አስቤ አይደለም» ማለት አያድንሽም። የጻፍሽው እውነት መሆኑን ማስረዳት መከላከያ ነው፤ ለመጉዳት ብቻ ብለሽ ካልጻፍሽው። ማስረጃ ስልሽ ደግሞ ሰነድና ምስክር ማለቴ ነው፤ «ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» ችሎት ፊት አይቆምም። ስም መቀየርንም አትመኪበት። ከበደን አበበ ብለሽ የወርቅ ጥርሱን፣ የቀበሌ ሊቀመንበርነቱንና ወፍጮ ቤቱን ከተውሽለት ጎረቤቱ ሁሉ ይለየዋል። ሽፋኑ ላይ «ልብ ወለድ» ብሎ መጻፍም ያው ነው። ሰውን በሚነካ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ዳር «ይህን በምን አወቅሁ?» ብለሽ ጻፊ። መልስ ያጣሽለትን አውጪው፤ ብዙ ጊዜ ጽሑፉም ይሻላል።

3. አጎትሽ የላከልሽ ደብዳቤ ወረቀቱ ያንቺ ነው፣ ቃሉ የእሱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 31 ምሥጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጥ ይከለክላል። ፎቶግራፍም ሁለት ሰው ያገናኛል፤ አንሺውንና ተነሺውን። አንሺው በሥራው ላይ መብት ሊኖረው ይችላል፤ ተነሺውን ደግሞ የዚሁ ሕግ አንቀጽ 27 ይጠብቀዋል፤ ያለ ፈቃዱ ምስሉ አይባዛም (ለታወቁ ሰዎችና አደባባይ ለሆኑ ጉዳዮች ሕጉ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል)። ዲዛይነርሽ የሽፋኑን ምስል ከፌስቡክ አውርዶት እንደሆነም ጠይቂው።

4. የዘፈን ግጥም በየምዕራፉ ራስ መስቀል ፋሽን ሆኗል። የቅጂ መብት አዋጁ ምንጩና የደራሲው ስም ተጠቅሶ፣ ለዓላማው በሚበቃ መጠን መጥቀስን ይፈቅዳል። ሙሉ ዘፈን ግን ጥቅስ አይባልም።

5. ከአሳታሚ ጋር የምትዋዋይ ከሆነ፣ ውሉ ላይ «ሙሉ መብት» የሚል ስታዪ እስክሪብቶሽን አስቀምጪ። የወረቀት ኅትመት፣ የድምፅ መጽሐፍ፣ ትርጉምና ፊልም ለየብቻ የሚሸጡ መብቶች ናቸው፤ የሸጥሽውን ብቻ ስሙን ጠርተሽ አስጽፊ። የኮፒው ብዛት፣ የድጋሚ ኅትመቱ ሁኔታና ውሉ የሚያበቃበት ቀንም ይግቡ። በራስሽ ገንዘብ የምታሳትሚ ከሆነም ፋይሉ ከኅትመት በኋላ በማን እጅ እንደሚቆይ ከማተሚያ ቤቱ ጋር በጽሑፍ ተስማሚ፤ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ከወጣ በኋላ ማን እንዳሾለከው ማረጋገጥ ከባድ ነው።