ብቻውን ስለ ተማረው ሰው

ወንድሜ ሆይ፤ ዕውቀት ከመምህር ብቻ የሚገኝ ይመስልሃልን? በ581 ዓመተ ሒጅራ፤ ማለት በአውሮጳ አቈጣጠር በ1185 ዓመት በማራኬሽ የሞተው የአንዳሉስ ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ቱፈይል፤ ሐይ ኢብን የቅዟን ስለሚባል ሰው የጻፈውን ታሪክ ተመልከት።

ሐይን ገና ሕፃን ሳለ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ሚዳቋ አጥብታ አሳደገችው። እንደ እንስሳት ጠጕርና ቀንድ እንደሌለው ባየ ጊዜ ከቅጠል ልብስ አበጀ፤ በትርም ያዘ። ሚዳቋይቱ በሞተች ጊዜ ዓይንዋንና ጆሮዋን መረመረ፤ ጉዳት ግን አላገኘባቸውም። ስለዚህ ደረትዋን በስለታም ድንጋይ ከፍቶ ልብዋን አየ፤ አንደኛው ክፍል ባዶ ነበረ። ይወድዳት የነበረውም ሥጋዋን ሳይሆን ከዚያ ባዶ ስፍራ የወጣውን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አስተዋለ። ፍልስፍናው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሐዘን ጀመረ፤ ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ከዚያም ፍጥረትንና ከዋክብትን እየመረመረ ፈጣሪ መኖሩን በአእምሮው ደረሰበት።

ብቻውን ተማረ ስንል ግን ወተቱ የሚዳቋ እንደ ነበረ፤ መቅበርንም ከቍራ እንዳየ አንርሳ።

በኋላም አብሳል የሚባል ሰው ቋንቋ አስተማረው፤ ወደ ሰዎችም አገር አብረው ተሻገሩ። ሐይ ያገኘውን ሊያካፍላቸው ተጋ፤ እነርሱ ግን በልባቸው ተቈጡበት። እርሱም ይቅርታ ጠየቃቸው፤ በያዙት ሥርዓት እንዲጸኑም መክሮ ተመለሰ። ይህን ሽንፈት ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔ አልልም። ከእርሱ ያነሰ የሚያውቁትን ይቅርታ መጠየቅ፤ ከዋክብትን ከመመርመር ይልቅ ይከብዳልና። ወደ ደሴቱም ብቻውን አልተመለሰም፤ አብሳል አብሮት ነበረ፤ እስኪሞቱም ድረስ በዚያ አብረው ኖሩ።