የቤት ሥራን በማስተዋልና በትክክል ስለ መካፈል፤ በቆቦና በራያ ቆላ ላሉ ሹማምንትና የመሬት ባለ ይዞታዎች የሚሆን ትምህርት

እርሻ በበሬና በሞፈር ብቻ እንደማይቆም ማናቸውም ባላገር ያውቃል። በሬውን የሚጠምደው ሰው አስቀድሞ መብላት አለበት፤ የሚበላውም እንጀራ እህሉ ተለቅሞና ተፈጭቶ፣ ሊጡ ተቦክቶ፣ ውሃውና እንጨቱ ከሩቅ መጥቶ፣ ምጣዱ ተጥዶ የተገኘ ነው። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ድካም በእርሻ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። የወረዳ ሹም የአዝመራውን ነገር ሲመረምር ስንት ጥማድ መሬት ታረሰ፣ ስንት ኩንታል ዘር ተዘራ ብሎ ይጠይቃል እንጂ፣ በዚያ ቤት ውሃ የሚቀዳው ማን ነው፣ ስንት ሰዓትስ ይፈጅበታል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ የቤት ሥራ አከፋፈል የእርሻ ጉዳይ መሆኑን፣ ከዚያም አልፎ የአገር ኑሮ የሚሻሻልበት መንገድ መሆኑን ማስረዳት የዚህ ትምህርት አሳብ ነው።

የቆቦ ሜዳ በምዕራብ በግዳን ደጋ፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች መካከል የተዘረጋ ለም መሬት ነው። አፈሩ መልካም ሲሆን ዝናሙ የማይታመን ነው። ጎሊናንና ሆርማትን የመሰሉ ወንዞች ከደጋ ጎርፍ ይዘው ሲወርዱ፣ ገበሬው በድንጋይ፣ በአፈርና በቅርንጫፍ ከትሮ ውሃውን ወደ ማሳው ይጠልፋል። ጎርፉ በሌሊት ቢመጣ በሌሊት መነሣት ግድ ነው፤ ያመለጠ ጎርፍ አይመለስምና። በበልግ ዝናም የሚዘራው እንደ ደጋሊት ያለው ማሽላ ብዙ ወራት በመሬት ላይ ይቆያል፤ በልጉ ከቀረ ግን ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ በክረምት ለመዝራት መቻኮል ያስፈልጋል። ከዚያም ቀጥሎ አረሙ፣ አቀንጭራው፣ እሸቱ ሲያፈራም የወፍ ጥበቃው ይከተላል። በዚህ አገር አንድ ቀን የዘገየ ሥራ የአንድ ዓመት ቀለብ ሊያሳጣ ይችላል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለው ጊዜ የቤቲቱ እመቤት ምን ታደርጋለች ቢባል፣ እርሷም ከማሳው ላይ ናት። ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ወፍ ትጠብቃለች፣ ለደቦውም ምግብና ጠላ ታዘጋጃለች። ሲመሽ ባልና ሚስት አብረው ደክመው ወደ ቤት ይገባሉ። ባልየው እግሩን ታጥቦ ከመደብ ላይ ሲያርፍ እርሷ ግን እሳት ታያይዛለች፣ ልጅ ታጠባለች፣ እራት ታቀርባለች፣ ለነገው ታቦካለች፤ ዶሮ ሳይጮኽም ተነሥታ ውሃ ትወርዳለች። ማሳው ላይ አንድ የነበረው ቀን ቤት ሲደርስ ለእርሷ ሁለት ይሆንባታል።

ጉዳቱም በርሷ ብቻ አይቀርም። እርሷ በውሃ መንገድ ላይ ሳለች አረሙ ማሽላውን ይቀድመዋል። ሥራው ሲበዛባት ትልቋን ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ታስቀራለች። ነፍሰ ጡር ስትሆን ወይም ስትታመም ቤቱ ሁሉ ይቆማል፤ ባልየውና ወንዶቹ ልጆች እንጀራ መጋገር አያውቁምና። ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ልማት በተስፋፋበት ቦታ ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋም ይተከላል፤ ይህም ገቢን የሚጨምር መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ቀድሞ ጥቂት ዕረፍት የሚገኝበት በጋ አሁን የሥራ ወራት ስለሆነ፣ የቤቱ ሥራ እንደ ድሮው በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ቢቀር የልማቱ ሸክም በሴቲቱ ላይ ይወድቃል።

የራያ ሰው ግን በትክክል መካፈልን ከማንም መማር አያስፈልገውም። የጎርፍ ውሃ በተራ የሚደርስ ነው። ከላይ ያለው ሰው ውሃውን ሁሉ ቢያስቀር ከታች ያለው ማሳ እንደሚደርቅ ስለሚታወቅ፣ የውሃ አባት የሚባል ታማኝ ሰው ተመርጦ ተራ ያስጠብቃል፣ ተራ ያፈረሰውንም ይገሥጻል። ቦይ በሚጠረግበት ጊዜም ውሃው የሚደርሰው ሁሉ ይወጣል። እንደዚሁም በደቦና በወንፈል ዛሬ የረዳ ሰው ነገ ይረዳል። በማሳ ላይ የታወቀው ይህ ሕግ የቤቱን ደፍ ሲሻገር የሚቀርበት ምክንያት የለም። በቤት ውስጥ የሚፈሰው ድካምም እንደ ውሃው ተራ ይፈልጋል።

የአገሩም ሕግ በዚህ ነገር ተለውጧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎ፣ ባል አገልጋይ ሊያቆምላት ያልቻለ እንደ ሆነ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገድድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ይህን ሽሮ ባልና ሚስት በቤተ ሰብ አመራር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አወጣ። በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተርም የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይጻፋል። ሆኖም በደብተሩ ላይ ስሟ የተጻፈላት ሴት ከጓዳ መውጫ ጊዜ ካጣች፣ ስለ መሬቱ በሚመከርበት ስብሰባ ላይ አትገኝም፤ መብቷም በወረቀት ላይ ይቀራል።

ይህ ነገር ሊሆን አይችልም የሚል ሰው ቢኖር ሩቅ ሳይሄድ በዚያው በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር በፎገራ ያለውን የአውራ አምባን ማኅበር ይመልከት። ይህን ማኅበር ዙምራ ኑሩ የተባሉ ገበሬ ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር በ1964 ዓ.ም. መሠረቱት። እርሳቸው እንደሚናገሩት፣ ይህ አሳብ ያደረባቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው፤ አባትና እናታቸው በማሳ ላይ አብረው ውለው ሲገቡ፣ አባት ሲያርፉ እናት ግን ሌላ ሥራ ሲጀምሩ አይተው ስለ ምን ብለው ጠየቁ። በአውራ አምባ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች፣ ሥራ የሚከፋፈለው በችሎታ ነው። ማኅበሩ በመጀመሪያ በጎረቤቶቹ ተጠልቶ ነበር፤ በደርግ ዘመንም ከሠፈሩ ተሰድዶ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ወርዶ ቆይቷል። መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ሲመለስ የተረፈው መሬት ከ20 ሄክታር ያነሰ ስለ ነበረ በሽመና ሥራ በረታ፤ ለልጆች ትምህርትና ለአረጋውያን መጦሪያም ቦታ አበጀ። እጅግ ጥቂት መሬት ያለው ማኅበር ራሱን ሊችል የበቃው ወንድና ሴት ሳይባል የሁሉም እጅ በሁሉም ሥራ ላይ ስለ ዋለ ነው።

የቤት ሥራ ዋጋው የሚታወቀው በተቋረጠ ጊዜ ነው። በጥቅምት 1968 ዓ.ም. በአይስላንድ አገር ከአሥሩ ሴቶች ዘጠኙ ያህል ለአንድ ቀን የመሥሪያ ቤትንም የቤትንም ሥራ ተዉ። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መሥሪያ ቤት ሄዱ፤ ብዙ ሥራም ታጎለ። ከዚያም በኋላ የአገሩ ምክር ቤት ስለ ወንድና ሴት እኩልነት ሕግ አወጣ። ቆቦ ግን ይህን ለመማር ሥራ ማቋረጥ አያሻትም፤ የወለደች ሴት ባለችበት ቤት ሁሉ ይህ ትምህርት በየጊዜው ይታያል።

ከዚህ አሳብ ፊት የሚቆመው ትልቁ እንቅፋት ነውር ነው። ወንድ ልጅ ጓዳ ገባ፣ ምጣድ ጣደ ተብሎ መሰደብን ጀግናው የራያ ጎልማሳ ከጥይት ይልቅ ይፈራዋል። ነገር ግን ከብት ይዞ ወደ ሩቅ ግጦሽ የወረደ ጎልማሳ ምግቡን ራሱ ያበስላል፤ ወታደር በሰፈር፣ መነኩሴም በገዳም እንደዚሁ ያደርጋል፤ ወንድነታቸውንም የነቀፈ የለም። በዱር ሲሆን ያላዋረደ ሥራ በቤት ሲሆን የሚያዋርድበት ነገር የለም።

እንግዲህ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች ሊያደርጉት የሚገባው የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ መቁጠር ነው። ባልና ሚስት ተቀምጠው ከዶሮ ጩኸት እስከ መኝታ ለሚሠሩት ለእያንዳንዱ ሥራ አንዳንድ የማሽላ ፍሬ በየፊታቸው ያኑሩ። ሳይቆጠር የሚደረግ ክፍያ ጠብ ያመጣል፤ ከተቆጠረ በኋላ ግን ብዙ ክርክር አያስፈልግም።

ሁለተኛ፤ ክፍያው ትክክል የሚባለው ሁለቱም እኩል ሲያርፉ ነው። በእርሻ ወራት ባል ሲያርስ ሚስት ብታበስል፣ ማታ ውሃና እንጨት የእርሱና የወንዶቹ ልጆች ይሁን። በአህያ የሚጫን ውሃና ወደ ወፍጮ የሚሄድ እህል ለወንዶች ቢሰጥ ለመጀመር ቀላል ነው።

ሦስተኛ፤ ወንድ ልጅ ከታናሽነቱ ቤት መጥረግና ማቡካት ይልመድ፤ ሴት ልጅም የጥናት ሰዓቷ አይነካባት።

አራተኛ፤ ደቦ የሚጠራ ሰው የሠራተኞቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን የሚያበስሉትንም ያስብ፤ እንጨት የሚፈልጡና ውሃ የሚቀዱ ወንዶች አስቀድሞ ይመድብ።

አምስተኛ፤ ወፍጮ፣ የውሃ ጉድጓድና እንጨት ቆጣቢ ምድጃ በሚሠሩበት ጊዜ ቦታቸው ሲመረጥ ሴቶች ይጠየቁ። ስለ ዘርና ስለ መስኖ ትምህርት ሲሰጥም ባልና ሚስት በአንድነት ይጠሩ፤ ሰዓቱም የእራት ሰዓት አይሁን።

ስድስተኛ፤ ይህ ነገር በቅጣትና በትእዛዝ አይሆንም። ደም የሚያደርቁት የዘወልድ ሽማግሌዎች፣ ቀሳውስትና ሸሆች ቢመክሩበት ሕዝቡ ይሰማል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሹሙ ራሱ በቤቱ ይጀምር። ሚስቱ ደክማ ሳለች ተቀምጦ የሚጠብቅ ሹም ስለ መካፈል ቢናገር የሚሰማው አያገኝም፤ እንግዳ ፊት ተነሥቶ ውሃ የሚያስታጥብና ሰሐን የሚያነሣ ሹም ግን ያለ ንግግር ያስተምራል።

ጎርፍ በሌሊት በመጣ ጊዜ ሁለቱም ያረፉበት ቤት ሁለት ሰው ያወጣል፤ አንዱ የደከመበት ቤት ግን አንድ ብቻ። የማሳውን መጥገብ የሚሻ ሰው ከምድጃው አጠገብ ያለውን ድካም አስቀድሞ ይመልከት።