የድብልቅ ፈሳሾችን የእንፋሎት ግፊት እንዴት እናሰላለን?

የሁለት ፈሳሾች ድብልቅ ጥያቄ ብዙ ተማሪዎችን የሚያስቸግረው ሒሳቡ ከብዶ አይደለም። ፈሳሹንና ከላዩ ያለውን እንፋሎት ለያይተው ስለማያዩ ነው። መንገዱን ያቀናልን ፈረንሳዊው ኬሚስት ፍራንሷ ማሪ ራውልት እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ያወጣው ሕግ ነው፦ እያንዳንዱ ፈሳሽ ለብቻው ሲሆን ያለው ግፊት በድብልቁ ውስጥ ባለው የሞል ድርሻ ይባዛል።

43 ግራም ሄክሴንና 150 ግራም ሄፕቴን በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀላቅለናል እንበል።

1. ግራሙን ወደ ሞል ለውጡ። አንድ ሞል ሄክሴን 86 ግራም፣ አንድ ሞል ሄፕቴን 100 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 0.5 ሞል ሄክሴንና 1.5 ሞል ሄፕቴን አለን።

2. የሞል ድርሻውን አውጡ። ጠቅላላው 2 ሞል ስለሆነ የሄክሴን ድርሻ 0.25፣ የሄፕቴን 0.75 ነው። በግራም ብታካፍሉ ግን ለሄክሴን 0.22 ይመጣባችኋል፤ ብዙ መልስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

3. የንጹሕ ፈሳሾቹን ግፊት ከሰንጠረዥ ውሰዱ። በ25 ዲግሪ ሄክሴን 151፣ ሄፕቴን 46 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። ሙቀቱ ሲለወጥ ቁጥሮቹም ስለሚለወጡ ዲግሪውን ሳታዩ አትውሰዱ።

4. አባዙና ደምሩ። ሄክሴን፦ 0.25 × 151 = 37.75። ሄፕቴን፦ 0.75 × 46 = 34.5። ድምሩ 72.25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። መልሱ ከ46 በታች ወይም ከ151 በላይ ከሆነ ስሌቱን ከመጀመሪያው ፈትሹ።

5. የእንፋሎቱን ድርሻ አስሉ። 37.75 ለ72.25 ሲካፈል 0.52 ገደማ ይሆናል። ፈሳሹ ውስጥ ሩብ ብቻ የነበረው ሄክሴን እንፋሎቱ ውስጥ ከግማሽ አለፈ! ቶሎ የሚተነው ፈሳሽ እንፋሎቱ ውስጥ ድርሻው ይጨምራል፤ ድብልቅን አፍልቶ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መለየት የሚቻለውም ለዚህ ነው።

6. ድብልቁ ለሕጉ የሚገዛ መሆኑን አረጋግጡ። ሄክሴንና ሄፕቴን ሞለኪውሎቻቸው ስለሚመሳሰሉ የእርስ በርስ መሳሳባቸውም ተቀራራቢ ነው። ኢታኖልና ውኃ ግን እንዲህ አይደሉም፤ ግፊታቸው ሕጉ ከሚለው በላይ ይወጣል። አሴቶንና ክሎሮፎርም ደግሞ ይበልጥ ስለሚሳሳቡ ግፊታቸው ከስሌቱ በታች ይወርዳል።

ስለዚህ ቀመሩን ከመጻፋችሁ በፊት ፈሳሾቹ እነማን እንደሆኑ እዩ። የማይመሳሰሉ ከሆኑ በዚህ ስሌት ብቻ አትተማመኑ።