ካሜራው ሲሄድስ?

ቫይራል መሆን ትፈልጋለህ? ፈልግ! መታየት መፈለግ ነውር አይደለም። የለፋህበት ሥራ ላይ የሰው ዓይን ቢያርፍ ማን ይጠላል?

ግን ልጠይቅህ። ከታየህ በኋላ በሚመጣው ሰኞ ጠዋት ምን ትሠራለህ?

ና፣ ጣና ዳር እንውረድ።

እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ጣና ሐይቅ ላይ መግባቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። አገሩ ለዓመታት ጆሮ አልሰጠውም። በ2010 ዓ.ም. ግን የጣና ስም ፌስቡክን አጥለቀለቀው። ወጣቶች ከኦሮሚያ ድረስ መጥተው አረሙን በእጃቸው ነቀሉ። ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ለአረም ማስወገጃ ማሽን መግዣ ገንዘብ አዋጡ። በጥቅምት 2013 ደግሞ የአንድ ወር ዘመቻ ታወጀ። ግሩም ነበር! ያ ሁሉ ሰው ባይጮህ ኖሮ የጣናን ሕመም ማን ይሰማ ነበር?

አረሙ ግን ዜና አይከታተልም። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት አድፍጦ ይቆያል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሰፋ ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለውን ባላጋራ በአንድ ወር ጩኸት አትገላገለውም።

ታዲያ ካሜራው ሲሄድ ውኃው ውስጥ የቀረው ማን ነው?

የፎገራ ገበሬ። የደምቢያ ገበሬ። የጎንደር ዙሪያ ገበሬ።

እስከ ወገቡ ገብቶ ይነቅላል፣ ይጎትታል፣ ዳር ላይ ይከምራል። ሲበቅል ተመልሶ ይገባል። ላይክ የለ፣ ሼር የለ! እኔን ከማንም የመድረክ ንግግር በላይ የሚያነቃኝ የዚህ ሰው ጽናት ነው። ማሳውም፣ ግጦሹም፣ ዓሣውም እዚያ ናቸውና ማንም አየው አላየው ሥራው አይቀርም።

አንተስ?

ዩቲዩብ ከፍተህ ሦስተኛው ቪዲዮ ላይ ተመልካች አጣሁ ብለህ ተውከው? ተመለስ! ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ፎቶ ታነሳለህ? ዛሬ ማንም ባያደንቅህ ነገም አንሳ። ልብስ ትሰፋለህ? ማንም የማያየውን የውስጥ ስፌት እንኳ አሳምር።

ትኩረት ሲመጣ ሥራ ላይ ያግኝህ። ሲሄድም እዚያው ትቶህ ይሂድ።

ትችላለህ! ልዩ ተሰጥኦ አይጠይቅም፤ ቁርጥ ውሳኔ ብቻ።

ዛሬ ማታ አንዲት ሥራ ምረጥ። ማንም ሳያይህ ዓመት ሙሉ የምትሠራት ትሁን። ሰዓቷን ወረቀት ላይ ጻፍ። ፖስት እንዳታደርጋት! ነገ በሰዓቱ ተነስና ጀምር።