ከኋላ «ጓ» ሲል፦ ዲፈረንሻሉ ከመከፈቱ በፊት

መቼ ነው የሚጮኸው?

አዳማ ውስጥ አንድ የሃይሉክስ ወይም የሃያስ ሾፌር ጋራዥ ገብቶ «ከኋላ ጓ ይላል» ካለ ፍርዱ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ዲፈረንሻሉ ላይ ይወርዳል። እዚህ ላይ ግን ጆሮ አይታመንም። ቻሲው ብረት ነውና ድምፅን ከጫፍ ጫፍ ያደርሳል፤ የካምቢዮ መያዣ ጎሚኒ ሲያልቅ ከመጨረሻው ወንበር ሥር የተመታ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ተማሪዎቼን አስቀድሜ የምጠይቃቸው «መቼ?» ብዬ ነው። ማርሽ ስታስገቡ? ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ? ስትታጠፉ? ወይስ ጉብታ ላይ?

አብዛኛው ቪትዝ በፊት ጎማው ስለሚሄድ ኋላ ዲፈረንሻል የለውም። ኋላው ቢጮህ አሞርዛተሩን፣ ሞላውንና ጎሚኒውን እዩ። «የኋላ ዲፈረንሻሉን እናውርደው» የሚላችሁ ካለ ጋራዥ ቀይሩ።

ድምፁ ከየት ይወለዳል

ጉልበት ከካምቢዮ ተነስቶ በረጅሙ ዘንግ፣ በካርዳኑ፣ ወደ ኋላ ይሄዳል። ካርዳኑ ፒኞኑን (የዲፈረንሻሉን መግቢያ ማርሽ)፣ ፒኞኑ ኮሮናውን (ትልቁን ክብ ማርሽ)፣ ኮሮናው በውስጡ ያሉትን ትናንሽ ማርሾች፣ እነሱ ሽሚያሶቹን (ጎማ የሚያዞሩትን ዘንጎች) ያዞራሉ። በየመገናኛው ጥቂት ክፍተት የግድ ነው፤ ከሌለ ዘይት አይገባም፣ ብረቱም ሲሞቅ ይነካከሳል። በብዙ ቀላል መኪኖች በፒኞንና በኮሮና ጥርስ መካከል የሚፈቀደው ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ነዳጅ ስትለቁ ጉልበቱ አቅጣጫ ይቀይርና ጥርሶቹ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ይዘላሉ። የሁሉም መገናኛ ክፍተት ተደማምሮ ሲበዛ ያ ዝላይ «ጓ» ይላል። ስለዚህ ጥፋተኛው አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ግን የካርዳኑ ክሮቼራ (የመታጠፊያው መስቀል) ነው፤ ዋጋውም ከዲፈረንሻል ጋር አይወዳደርም።

መንገዱ ይመርምርላችሁ

መኪናን በመንገድ ለመፈተን የአዳማ ሰው ዕድለኛ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ስትሆን አሰላ ደግሞ 2,400 ገደማ ነው። በዴራና በኢተያ በኩል ስትወጡ ፒኞኑ ኮሮናውን በአንድ ገጹ ይገፋል። በማርሽ ይዛችሁ ስትወርዱ ጎማው ሞተሩን ስለሚገፋ ጫናው በሌላው ገጽ ላይ ያርፋል። ሲወጣ ብቻ ወይም ሲወርድ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ የጥርስ ነገር ነው። ነዳጅ ሰጣችሁም ለቀቃችሁም ሳይለወጥ የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታ ጠርጥሩ፤ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ይህን ለመስማት ይመቻል።

ለ«ጓ» ግን ሰው የሌለበት ሜዳ ይሻላል። በቀስታ ክብ እየሠራችሁ ንዱ። ቀጥ ሲል ዝም ብሎ ሲታጠፍ የሚመታ ከሆነ ትናንሾቹ ማርሾች ወይም ሮንዴላዎቻቸው አልቀው ይሆናል። ጎማው በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ እየጠበቀ የሚመታ ከሆነ ግን ጥርስ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል መንዳቱ ይቁም። ጉብታ ላይ ብቻ ከሆነ ባሌስትራውንና አቅፈው የሚያስሩትን ቡሎኖች እዩ።

በእጅ ሲፈተሽ

ሞተር አጥፉና ቁልፉን ንቀሉ። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አግዱ፣ የኋላውን በክሪክ አንስታችሁ ጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፉ። ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ሥር አይገባም። በዜሮ ማርሽ ክሮቼራውን ከሁለት ወገን ይዛችሁ በተቃራኒ አጣምሙት፤ ትንሽ እንኳ ከላላ እሱን ቀይሩ። ቀጥሎ የእጅ ፍሬን ስባችሁ ካርዳኑ ከፒኞኑ ጋር የሚታሰርበት ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ወዲህ ወዲያ አዙሩት። (በብዙ አይሱዙዎች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ካርዳኑን ስለሆነ እዚያ ፍሬኑን ለቃችሁ ጎማዎቹን ረዳት ይያዛቸው።) ትንሽ መዞሩ ያለ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ከተነቃነቀ ግን የፒኞኑ ኩሽኔታ አልቋል።

ዘይቱ

ከታችኛው በፊት የላይኛውን የመሙያ ቡሎን ፍቱ። ዘይቱን አፍስሶ መሙያው እንቢ ያለው ሰው መኪናውን ካለበት አያንቀሳቅሰውም። ዘይቱ እስከ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር መድረስ አለበት። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ የሚገኝ ግራጫ የላመ ዱቄት አያስደነግጥም፤ በጥፍር የሚያዝ ስብርባሪ ግን ያስደነግጣል።

ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ ገብቶበታል። በወንጂ በኩል አዋሽ ሲሞላ ጎርፍ የሚያቋርጥ መኪና ይህ ያጋጥመዋል፦ የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃ ይስባል። ከመቂ እስከ ባቱ በእርሻ መንገድ የሚመላለስ መኪና ደግሞ መተንፈሻው በአቧራ ይደፈንበታል፤ መውጫ ያጣው አየር ዘይቱን በዘይት ማገጃው ላስቲክ በኩል ይገፋዋል። ዘይቱ ሲያንስ ጥርስና ኩሽኔታ ይበላል፤ መተንፈሻውን ማጽዳት ግን ወጪ የለውም።

መቀየር ካስፈለገ

ኮሮናና ፒኞን ጥንድ ሆነው ስለሚሠሩ ለየብቻ አይቀየሩም፤ ሲገጠሙም ክፍተታቸው በመለኪያ እንጂ በግምት አይስተካከልም። ብዙ ሰው ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል መግዛትን ይመርጣል። አልቃወምም፤ ግን ብዜቱን ቁጠሩ። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ተነስተው አብረው አንድ ዙር ሲዞሩ ካርዳኑ ስንት ጊዜ ዞረ? የሻጩንም እንዲሁ አዙራችሁ አስተያዩ። በአራቱም ጎማ በሚጎትት ሃይሉክስ የኋላው ብዜት ከፊተኛው ካልገጠመ፣ አራቱን ባስገባችሁ ቁጥር ሁለቱ ዲፈረንሻሎች ይታገላሉ፤ የሚሰበረውም ደህና የነበረው የፊተኛው ሊሆን ይችላል።